ካፒቴን ሙዛፈር መሪውን የለቀቁበት ዓመት

ካፒቴን ሙዛፈር ቱርክ ውስጥ ከፈትዬ ወደብ እስከ ኬኮቫ ደሴት የምትመላለስ የእንጨት መርከብ ነበረቻቸው። እኔ ሞተሩን እይዝላቸው ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት። በየቅዳሜው አሥራ ሁለት እንግዳ እንጭናለን። ሳምንቱን ሙሉ የባሕሩን ዳር እየታከክን ገደሉ ላይ የተፈለፈሉትን የጥንት መቃብሮችና ውኃ የዋጠውን ከተማ እናሳያቸውና መልሰን እናወርዳቸዋለን። ወጥ ቤቱ የሚስታቸው የነርሚን ነው። ሁላችንም «አብላ» እንላታለን፤ ታላቅ እህት ማለታችን ነው።

ካፒቴኑ ቁጡ ናቸው። ካርታ አይወዱም። «ሰው በገዛ ቤቱ ካርታ ዘርግቶ ይሄዳል?» ይላሉ።

አንድ የሰኔ ጠዋት ሻይ ሲቀዱ እጃቸው ላይ አፈሰሱት። «ብርጭቆዬን ማነው ያነሳው?» ብለው ጮኹ። ማንም አላነሳውም፤ አጠገባቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አብላ ሽንኩርት የምትልጠው ከመርከቧ ፊት ቁጭ ብላ ሆነ። «እታች ሙቀቱ ፈጀኝ» አለች። እየላጠች ትለፈልፋለች። «ሙዛፈር፣ ሽንኩርቱ በቀኝ በኩል ነው፣ ያቃጥላል!» ስትል ካፒቴኑ መሪውን ወደ ግራ ያዞራሉ። እንግዶቹ የአሮጊትና የሽማግሌ ጭቅጭቅ እየመሰላቸው ይስቃሉ። ሽንኩርት ማለት ድንጋይ፣ ቲማቲም ማለት ጀልባ መሆኑ እስኪገባኝ ወር ፈጀብኝ።

ወጥ ቤት ወረድኩና «አብላ፣ ካፒቴኑ አያዩም እንዴ?» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«ሽንኩርቱ።»

ልትስቅ ብላ እንባዋ መጣ። «ዳር ዳሩ ይታየዋል፤ መሃሉ ነው የጠፋበት። ሐኪሙ አይድንም ብሎታል። ኢልሃሚ፣ ይሄን ሰው ከመሪው ካነሳኸው ቀበርከው ማለት ነው። እኔ እያለሁ ምንም አይሆንም።»

«አንቺ ባትኖሪስ?»

«አፍህን ቁርጥማት ይብላው!» ብላ የሽንኩርት ልጣጭ ወረወረችብኝ።

ለማንም አልነገርኩም። ሦስት የጉዞ ወቅት እንዲሁ አለፈ፤ አንድም ድንጋይ አልነካንም። በብርዱ ወራት መርከቧ ለቀለም ወደ የብስ በወጣች ጊዜ አብላ ሆዷን አመማት። የካቲት ሳያልቅ ቀበርናት። መቃብሩ አፋፍ ላይ ካፒቴኑ ክንዴን ያዙና «ሰው ብዙ መጥቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ፊታችን መንደሩ በሙሉ ቆሟል።

ግንቦት ሲገባ «ካፒቴን፣ ዘንድሮ ለመሪው ሰው እንቅጠር» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ታውቃለህ ማለት ነው።»

«ሦስት ዓመቴ።»

«ሦስት ዓመት ዝም ያለ አንደበት ዛሬ ምን ነካው? ከፊት ቆመህ ንገረኝ። እሷ ያደረገችውን አድርግ።»

«እሺ» አልኩ። እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ያቺ «እሺ» ናት።

በመጀመሪያው ጉዟችን አራተኛ ቀን፣ ከኬኮቫ ደሴት ጀርባ ስንገባ ሞተሩ ተንተፋተፈ። «ሁለት ደቂቃ ቀጥ አድርገው ይያዙት!» ብዬ ወረድኩ። እታች እንዳለሁ የሴት ጩኸትና እንጨት ሲሰበር ሰማሁ።

ዱርዳነ ነበረች። ጠርዙን በእጇ የጠለፈችውን ሻርፕ በታንኳ እየቀዘፈች ለእንግዶች የምትሸጥ፣ ከደሴቱ ማዶ ያለው መንደር ሴት ናት፤ እንደ ወትሮው እንቆምላታለን ብላ ነው የቀረበችው። ክንዷ በመርከቧና በታንኳዋ መሃል ተጨፍልቆ አገኘኋት። ሻርፖቿ ውኃው ላይ ተበትነዋል።

ካፒቴኑ መሪውን ጨብጠው እንደቆሙ ናቸው። «ምንድነው? ኢልሃሚ፣ ድንጋይ ነው?»

«ሰው ነው» አልኩ።

ሐኪሞቹ የዱርዳነን ክንድ ከክርኗ በታች ቆረጡት። ካፒቴኑ ማንም ሳይጠይቃቸው ለፖሊሶቹ ተናገሩ። «አላይም። ሦስት ዓመት ደብቄያለሁ። ይሄ ልጅ ምንም አያውቅም።» ልጅ የተባልኩት እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ፤ አላስተባበልኩም። ካፒቴኑ ታሰሩ፤ መርከቧ ተሸጣ ለዱርዳነ ካሣ ሆነች።

ከእስር ሲወጡ «ወደ እሷ ውሰደኝ» አሉኝ። ዱርዳነ ደጇ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር፤ የባቄላውን ሽፋን በጥርሷ ይዛ ፍሬውን በአንድ እጇ ታወጣለች። ካፒቴኑ ጎንበስ ብለው «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

«ያን ቀን እጄን አውለብልቤልህ ነበር» አለች። «ሚስትህ ሁልጊዜ ታውለበልብልኝ ነበር። መልስ ሳጣ ኩርፊያ መሰለኝና ቀረብኩ።» ሌላ ባቄላ አነሳች። «ይቅር ልበልህ አልበልህ ገና አላውቅም። ሻይ ጠጣና ሂድ።»

ጠጥተን ሄድን። እዚያም አፌን አልከፈትኩም።

አሁን ካፒቴኑ ዴኒዝሊ ከተማ፣ ከባሕር ርቀው፣ ልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የዓይናቸው ጭላንጭልም ጠፍቷል። ባለፈው መኸር ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«የት ትሠራለህ?» አሉኝ።

«የአውቶቡስ ጋራዥ።»

«ባሕሩንስ?»

«ተውኩት።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሳብላላው የኖርኩትን አወጣሁት። «ካፒቴን፣ እኔም አውቅ ነበር ብዬ ልናገር ነው።»

«ለማን? መዝገቡ ተዘግቷል።» እጃቸው ጠረጴዛውን ዳሰሰ፣ የስኳሩን ሳህን አገኘና ወደ እኔ ገፋው። «ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው። ለራስህ ከሆነ ግን ሂድና ለዱርዳነ ንገራት። ችሎቱ ላይ ከእኔ አፍ ‹ልጁ አያውቅም› የሚል ውሸት ሰምታለች።»

እሺ ብያቸው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ እስካለችው ካሽ ከተማ ድረስ ሄጃለሁ። ወደ ዱርዳነ መንደር የሚወስደው መኪና ሲሞላ፣ ተሳፋሪው ሲገባ እያየሁ እቆምና በመጣሁበት እመለሳለሁ።