ሽማግሌ ይዤ ቦርድ ፊት የቀረብኩ ዕለት

ጋሼ ታምራት ከመቀመጫቸው ተነስተው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ነው ነገሬ እንዳበቃለት የገባኝ...

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ቤት ከገዛን ብዙም አልቆየንም። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ደረጃ መውጣት አትችልም። መኝታ ክፍሎቹም ሽንት ቤቱም ያሉት ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ሽንት ቤት በፈለገች ቁጥር እኔ ወይ ባለቤቴ ተሸክመን እናወጣታለን። እኛን ላለማስቸገር ብላ ውኃ መጠጣት ቀነሰች።

ታች፣ ከነሽንት ቤቱ፣ አንድ ክፍል ልንሠራላት ቆረጥን። መሬታችን ጠባብ ስለሆነ ያለው ቦታ የጎረቤታችን አጥር ሥር ብቻ ነው። ኮንትራክተር ነኝ ያለን ሰውዬ «የግንባታ ፈቃድ፣ ፐርሚት ምናምን አያስፈልግህም፣ ለእኔ ተወው» አለኝ። ተውኩለት። መሠረቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት እንደፈሰሰ የከተማው ኢንስፔክተር መጥቶ አስቆመን። ለካስ ደንቡ ከአጥሩ ራቁ ይላል።

የጠቆሙት ጎረቤታችን ሚስተር ዊልሰን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። ግድግዳው የኩሽናዬን ብርሃን ይከለክለኛል ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው፣ ይከለክላቸዋል።

የቀረን መንገድ ከደንቡ ውጪ ልዩ ፈቃድ፣ እነሱ ቫሪያንስ የሚሉትን፣ እንዲህ ያለውን ከሚወስነው የከተማው ቦርድ መጠየቅ ነው። ለወራት ተመላለስኩ። ፍሪሞንት ካለው ፋብሪካ የሌሊት ሽፍት ወጥቼ፣ ሳልተኛ የከተማው ጽሕፈት ቤት እሰለፋለሁ። አንዱን ወረቀት ሳሟላ ሌላ ይጎድላል... በመጨረሻ አንዲት ደግ ሠራተኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መከረችኝ።

«ችግሩ የመጣው ከመሬቱ ጥበት ነው በል። ራስህ ያመጣኸው ከመሰላቸው አይሰጡህም።»

እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኩት።

ጋሼ ታምራት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። በአካባቢያችን የተጣላ ባልና ሚስት ያላስታረቁት የለም። ነገሩን ሳጫውታቸው ተቆጡ።

«ጎረቤት ከስሶህ ብቻህን ትቀርባለህ? ሰው የለህም እንዴ?»

በቀጠሮው ዕለት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቦርዱ አዳራሽ መጡ። ሦስት ነጭ የለበሱ አዛውንት ከኋላዬ ሲደረደሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ደረቴ ነፋ አለ። እማዬንም በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተን ከጎናቸው አስቀመጥናት። ሚስተር ዊልሰን ማዶ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

ተራዬ ሲደርስ የመሬቱን ጥበት፣ የእናቴን ጉልበት፣ የኮንትራክተሩን ነገር ተናገርኩ። የቦርዱ አባላት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሰብሳቢዋ ወደ አዳራሹ ዞራ «ሌላ አስተያየት ያለው አለ?» አለች። ሦስቱም ሽማግሌዎች እኩል ተነሱ።

የጋሼ ታምራት እንግሊዝኛ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነው። ምነው ባልሆነ!

«ክብርት ሰብሳቢ፣ እኛ ለመከራከር አልመጣንም። ልጃችን አጥፍቷል። ይቅር በሉት ልንል ነው የመጣነው።»

ዞሬ እንዲቀመጡ በዓይኔ ለመንኳቸው።

የእኛ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ሽማግሌ ሲላክ አስቀድሞ የላኪውን ጥፋት ያምናል። እንዲያውም የተበደለው ሰው ልቡ እንዲራራ ትንሽ ይጨምርበታል። ቦርዱ ይሄን ከየት ይወቅ?

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ያለ ፈቃድ መሥራት እንደማይቻል ያውቅ ነበር እያሉኝ ነው?»

«እንዴት አያውቅም! የተማረ ልጅ እኮ ነው። ለእናቱ ብሎ ነው እያወቀ ያጠፋው።»

«ኧረ ጋሼ!» አልኩ በአማርኛ። «በእመቤቴ ይቀመጡ፣ ኬዙን ገደሉት እኮ!»

«ዝም በል! ሽማግሌ ሲናገር ጥፋተኛ አፉን አይከፍትም።»

ሰብሳቢዋ ሰዓታቸው እንዳለቀ ነግራ እንዲቀመጡ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ፍንክች አላሉም። «ይቅር ሳይባል አንቀመጥም» አሏት። ከዚያ ሦስቱም ወደ ሚስተር ዊልሰን ዞረው ጎንበስ አሉ።

ሚስተር ዊልሰን ግራ ተጋብተው አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ እናቴን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱና መጥተው የጋሼን እጅ ጨበጡ።

«በእኔ በኩል ይቅር ብያለሁ» አሉ ወደ ቦርዱ ዞረው። «ክፍሉን ይሥራላቸው። የኩሽናዬን መብራት አበራለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ እንባዬ መጣ። አለቀ፣ ተሳካልን አልኩ።

ሰብሳቢዋም የተነካች ትመስል ነበር። «በጣም ደስ የሚል ነገር ነው» አለች። «ግን እኛ በይቅርታ ላይ ድምፅ አንሰጥም።»

ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ቀጠለ። «ችግሩን አመልካቹ ራሱ እያወቀ እንዳመጣው አሁን ሰምተናል።»

ድምፅ ሰጡ። ተከለከልኩ። የፈሰሰውንም ኮንክሪት አፍርስ ተባልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ታምራት ፊታቸው በርቷል። «አየህ አይደል ሰውየውን? ልመናችንን ሳያንገራግር ተቀበለን!» ቦርዱንማ ከቁም ነገርም አልቆጠሩት፤ ለእሳቸው ባለጉዳዩ ጎረቤቱ ነው። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ግን ጉልበት አልነበረኝም። ሥራ ትተው፣ ለእኔ ብለው ሰው ፊት ያጎነበሱ አባት ናቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኳቸው፤ የምሬንም ነበር።

እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም። እሷ ያየችው ሽማግሌ ሲያጎነብስና ጎረቤት ተነስቶ እጅ ሲጨብጥ ነው።

«ታረቃችሁ አይደል?»

«አዎ እማዬ፣ ታረቅን።»

«ተመስገን! እልል ልል ምንም አልቀረኝ... ክፍሉስ ታዲያ መቼ ያልቅልኛል?»

ያን ሁሉ ወር ስመላለስ እንደዚህች ጥያቄ ያደከመኝ የለም። ወንበሯን እየገፋሁ «እናያለን እማዬ» አልኳት።

እዚህ አገር ይቅርታ የሚሰጠው ሌላ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ... እኛ የተሳካልን ከማይፈርመው ጋር ነው።