ለደርበው ወራሽ ፍለጋ የሄድን ዕለት

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ አዘዞ ውስጥ በአንድ የጭነት ማኪና ጋራዥ ስሠራ ነው። ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ ይሄ ግን አልጠፋም። ሙት የተባለ ሰው ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁና እንዴት ልርሳው?

እኔ መካኒክ ነበርኩ። ደርበው ደግሞ ጎሚስታ ነበር፤ የማኪኖቹን ጎማ የሚፈታውና የሚጠግነው እሱ ነው። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ዝምተኛና ሥራ ወዳድ ሰው ነው። በበዓል ሁላችንም ወደየዘመዶቻችን ስንበተን እሱ «ዘበኛውን ላሳርፈው» እያለ ጋራዡ ይቀር ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

አንድ ቀን በወርኃ ጥቅምት ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። አጠገቡ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራባት ያሰረ የኢንሹራንስ ሰው ቆሟል። ሰውዬው ነገሩን ቀስ አድርጎ አስረዳን። ለኢንሹራንሱ ከሚከፈለው ግማሹን ድርጅቱ ይችላል፣ ግማሹ ከደመወዛችን ይቆረጣል። ሠራተኛው ቢሞት ለወራሹ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሥራ ላይ አደጋ ደርሶበት ቢጎዳ ደግሞ እስኪድን ራሱ ይረዳበታል።

«ግን የኅብረት ነው» አለ። «ሁላችሁም ካልገባችሁ ውሉ አይፈረምም። በሳምንቱ እመለሳለሁ፤ ወራሻችሁን አስባችሁ ጠብቁኝ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ጋራዡ የገበያ ያህል ተንጫጫ። ካቦአችን አያ መኮንን አማተቡ።

«ሞትን በስሙ ከጠሩት አቤት ይላል» አሉ።

ነገር ግን ባለፈው ክረምት አንድ ሾፌራችን ሊማሊሞ ላይ ከነማኪናው ገደል ገብቶ ሞቶብን ነበር። ሚስቱ አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ሁላችንም ቆመን አይተናል። እሷን ያላሰበ አልነበረም። በማግስቱ አያ መኮንንም ሳይቀሩ «እንግባ» አሉ።

አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ። ደርበው።

ምክንያቱን አልተናገረም። «እኔ አልገባም፤ እናንተ ግቡ» ብሎ ጎማውን መንቀል ቀጠለ። ሰው ተቆጣ። ስስታም ያሉት አሉ፣ ክፉ ያሉትም አሉ። ምሳውን ብቻውን መብላት ጀመረ። አያ መኮንን ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ አንተ አብረኸው ትኖራለህ። በደግ ቃል አናግረው» አሉኝ።

ከሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅሁት።

«ምነው ደርበው? የሰው ልጆች አያሳዝኑህም?»

ጥቂት ተራመደ። ከዚያ ቆመ።

«ወራሽህ ማን ነው ሲለኝ ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማንም የለኝም ልበል?»

ያን ጊዜ ነው ታሪኩን የነገረኝ። የተወለደው ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። ጣሊያን መንደራቸውን ሲያቃጥል አባቱ ሞተ። እናቱ እሱንና ታላቅ እኅቱን ውዲቱን ይዛ ስትሸሽ መንገድ ላይ ታመመችና እሷም ሞተች። እኅቱን የማያውቋቸው ስደተኞች ወሰዷት፤ እሱን አንድ ነጋዴ በበቅሎ ጎንደር አወረደው። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

«አምባ ጊዮርጊስ እኮ ማኪናችን በየሳምንቱ የምትሄድበት ነው! ምነው ሳትፈልጋት?»

«ፈራሁ» አለኝ። «ሳልጠይቅ እስከኖርኩ ድረስ ለእኔ በሕይወት አለች። ሞታለች ቢሉኝስ?»

ሲጨንቀኝ፣ «እሑድ አብረን እንሂድ። የሚሉህን ሁለታችንም እንሰማለን» አልኩት።

እሑድ ማለዳ ወደ ደባርቅ እህል ልትጭን በምትወጣ ማኪና ላይ ተሳፈርን። ከጎንደር ወጥተን ደጋውን ስንይዝ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ሜዳው ነጥቷል። አምባ ጊዮርጊስ ወርደን ያገኘነውን ሽማግሌ ሁሉ የደርበውን የድሮ መንደር ስም እየነገርን ጠየቅን። ሰዎቹ ተበትነዋል፣ የተረፉት ግን ከወንዙ ማዶ ባለው ደብር ዙሪያ ሰፍረዋል አሉን። በእግራችን ሄድን።

ስንደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ሰንበቴ ይበላል። ሸምገል ያሉ ቄስ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ደርበው መስቀል ተሳለመ። ንግግሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

«አባቴ፣ ይሄ ወንድሜ በጣሊያን ጊዜ የጠፋችውን እኅቱን ይፈልጋል።»

«ክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉት።

«ተክለ ዮሐንስ።»

«አባትህስ?»

«ገሠሠ ይባል ነበር።»

ቄሱ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትኩር ብለው አዩት።

«ልጄ» አሉት፣ «አንተ እኮ ሙት ነህ። በየዓመቱ መገበሪያ እያመጣች ስምህን ከሙታን ጋር የምታስጠራ ሴት አለች።»

ደርበውን ደግፌ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩት። ቄሱ ግን አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ ለሴትየዋ በድንገት አልነገሯትም። ሄደው ጎንበስ ብለው «አንድ የሩቅ እንግዳ ሊያናግርሽ ይፈልጋል» ብለው አመጧት።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷን ብርድ ያጠቆረባት ሴት ናት። ከፊቱ ስትቆም ቄሱ ቀስ ብለው «ወንድምሽ ነኝ ይላል» አሏት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ከእግር እስከ ራሱ አየችውና እንዲህ አለችው፦

«እናቴ ወንድሜን ስትቆጣው ምን ብላ ትጠራው ነበር?»

«አንበጣ» አለ። «እዘል ስለነበር።»

እንዲያ ሲል ድምፁ የትንሽ ልጅ ሆነ። ውዲቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ሙቴ መጣ! ሙቴ መጣልኝ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሴቶቹ ከደጀ ሰላሙ እየሮጡ ወጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ እልልታው ሰማይ ደረሰ። ቄሱም እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ የማን ዘመድ እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም፣ ሁሉም ያቅፈኛል።

ቤቷ ወስዳ አበላችን። ባሏንና ልጆቿን አንድ በአንድ አስተዋወቀችው። ጣሊያን ሲወጣ ወደ አገሯ መመለሷንና ወንድሟን «ሞቷል» ብለው እንደነገሯት አጫወተችን። ከዚያ ምን ነገር እንዳመጣው ጠየቀችውና እውነቱን ነገራት። ስለ ወራሽ ሲነግራት ብድግ አለች።

«ምን አልክ? ስትሞት ለእኔ ገንዘብ? አንድ ጊዜ ቀብሬሃለሁ፤ ዳግመኛ አልቀብርህም!»

ተደናግጬ ጣልቃ ገባሁ። አደጋ ደርሶበት ቢጎዳ ለራሱም መጦሪያ እንደሚሆነው፣ የሌሎቹም ሠራተኞች ጉዳይ በእሱ ላይ እንደተንጠለጠለ አስረዳኋት። አሰበችበት።

«ለቁሙ ከሆነስ ሸጋ ነው» አለች። «እንግዲያው ስሜን ጻፉት። ግን በየበዓሉ እኅቱ ቤት እንዲመጣም ጻፉበት።»

የኢንሹራንሱ ሰው ሲመለስ ተራ በተራ ጠራን። «ወራሽህ ማን ነው?» ሲለው ደርበው ጋራዡ እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኾ፣ «ውዲቱ ገሠሠ! እኅቴ!» አለ። ሰውዬው ደንግጦ ቀና አለ። እኛ ግን ታሪኩን ሰምተን ስለነበር አጨበጨብን፤ አያ መኮንን ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የጎማ ብረት ተስፈንጥሮ የደርበውን ክንድ ሰበረው። የተባለው ገንዘብ ተሰጠው፤ እስኪድን የተቀመጠው ውዲቱ ቤት ነው። እዚያው ሳለ የአገሯን ልጅ ወድዶ አገባ። ሚዜው እኔ ነበርኩ።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ውዲቱም አለች፤ ደርበው ቶሎ ካልመጣ ዛሬም ትቆጣዋለች። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ ይዞኛል። ስለ ጠፋ ሰው ተነሥቶ «እሱማ ሞቷል» ሲሉ ከሰማሁ ዝም ብዬ አላልፍም። «ሄዶ የጠየቀ አለ?» እላለሁ።