ለለቅሶ አይሆንም ያልኩት ጃዝ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ወደ ቤቴ የወሰደኝ የባጃጅ ልጅ የሳክስፎን ሙዚቃ ከፍቶ ነበር። ዘፋኝ የለበትም፣ ግጥም የለበትም፣ እንዲሁ ይጀምርና ይሄዳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ልጄ፣ ቀንስልኝ" እለው ነበር። የዚያን ቀን ግን ቤቴ በር ስንደርስ "አቁም" አላልኩትም፤ ልጁም አልፎ ነዳ። ትንሽ ቆይቶ "አባባ፣ የት ነው የሚወርዱት?" ቢለኝ "ሙዚቃው ሲያልቅ" አልኩት። ያመመኝ መስሎት በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አሳምሬ ባልጽፍ አትፍረዱብኝ። ስለ ሙዚቃ ግን ማንም አያስተምረኝም። ከሱማሌው ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ጅግጅጋ ገና ቁስሏን ስታክ፣ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ቀን ቀን በሐረር መንገድ ዳር ጎማ እለጥፋለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ እጄን በጋዝ ታጥቤ በቀበሌው የኪነት ቡድን ክራር እመታለሁ። አዳራሹ የቆርቆሮ ነበር፤ የከተማችን ነፋስ በጥይት የተበሳውን ግድግዳ እያገኘ ከእኛ በላይ ያፏጭ ስለነበር፣ ሊቀመንበሩ አንዳንዴ የሚያጨበጭበው ለነፋሱ ይሁን ለእኛ አይታወቅም ነበር።

ቲቸር መላኩ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሳክስፎኑን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ልምምዳችን መጣና ምን እንደሚጫወት ስንጠይቀው "ጃዝ" አለን። እኛ አገር ጃዝ የሚባለው ያ ባለ ብዙ ከበሮው፣ ሲምባል የሚሉት የናስ ሳህን ያለው መሣሪያ ስለነበር፣ ተሯሩጠን ከጥግ አወጣንና አቧራውን ጠርገን ፊቱ ደረደርንለት፤ መቀመጫም አመጣንለት። ሰውዬው ከበሮውን አየ፣ እኛን አየ፣ ሳቁን ዋጠና ብርድ ልብሱን ፈታ።

አጨዋወቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። እኛ የምናውቀውን ትዝታ ይጀምራል፤ እኛም ራሳችንን መወዝወዝ እንጀምራለን። ከዚያ ሳናስበው ጥሎን ይሄዳል። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቀዬውን የረሳ ፍየል ይመስል ያልተሄደበት ይገባል፤ እኛ አፋችንን ከፍተን ስንጠብቅ፣ ከማናውቀው በኩል ብቅ ብሎ እዚያው ትዝታ ላይ ያርፋል። እኔን ያናድደኝ ነበር። ዜማ አባቶች አስተካክለው የሰጡን ነገር ነው፤ መንገድ እያለ በጥሻ የሚሄድ ወይ ሌባ ነው ወይ የጠፋበት ነው፣ እለው ነበር።

ክርክራችን የሚጦፈው አዴር ዋርሳሜ ሻሂ ቤት ነው። አዴር በሱማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ዋርሳሜን ከተማው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራው። የግመል ወተት ያለበት ሻሂ እየቀዳ፣ በቀይ ቴፑ ኡድ በሚሉት የዓረብ ክራር የታጀበ ዘፈን እያሰማ፣ ሁለታችንንም ይንቀናል። ለእሱ ዘፈን ማለት ግጥሙ ነው።

"ዋሪያ፣ መሣሪያ ግመል ነው" ይላል፤ ዋሪያ አንተ ሰው ማለቱ ነው። "ጭነቱ ግጥሙ ነው። የዚህ አስተማሪ ግመል ባዶዋን እየሄደች ማን ይግዛት?"

"አዴር፣ ግመል አካሄዷ የሚታየው እኮ ባዶዋን ስትሄድ ነው" ይላል ቲቸር።

"ያንተዋ ግመል ሰክራለች" እላለሁ እኔ።

ቲቸር ይስቃል። ተቆጥቶ አያውቅም። "አንተ ሽፌ፣ ጎማ ስትለጥፍ ቀዳዳውን የምታገኘው አየሩ ሲጮህልህ አይደል? እኔም ጩኸቱን እየተከተልኩ ነው" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ከዚያ የበለጠ ደስታ አልነበረኝም። እናቴ ቤትም ብዙ ቀን አብረን ነበር የምንበላው፤ "ይኼን ልጅ በነገር አታድርቀው፣ ይብላ" እያለች ትቆጣኝ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ስንል አንድ ቀን የቲቸር እናት አዲስ አበባ ማረፋቸውን በትምህርት ቤቱ ስልክ ተነገረን። መርዶውን በማለዳ ሄደን ነገርነው። ለቀብሩ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም፤ እድሩ ድንኳን ተከለለት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም መጥቶ ተቀመጠ፣ አዴር ዋርሳሜም ሻሂ ቤቱን ዘግቶ መጣ። ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። ሟቿን ከእሱ በቀር የሚያውቃቸው ሰው የለም። አልቃሿ ስማቸውን ጠየቀች፣ ነገሯት፤ ስማቸውን ጠርታ ስታበቃ የምትለው ጠፋት። ደግ ነበሩ እንዳትል አላየች፣ ቤታቸው አልገባች። ለማንኛዋም እናት የሚባለውን ብላ ተቀመጠች። ለቅሶው ቀዘቀዘ። ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ያኔ ነው ቲቸር ብድግ ብሎ ወደ ክፍሉ የገባው። ሲመለስ ሳክስፎኑን ይዟል። ማንንም አላስፈቀደም፤ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆመና ነፋ።

ትንሽ ነው የተጫወተው። እንደ ልማዱ በትዝታ አልጀመረም። ዝቅ ብሎ፣ እናት ልጇን እንደምትጠራ ዓይነት ጀመረ፤ ከዚያ ቆረጠው፤ ሌላ ነገር ሞከረ፣ ሳቅ የመሰለ ነገር፤ እሱንም ቆረጠው። አልቃሿ ቀና አለች። ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁና እጄን ሳክስፎኑ ላይ ጫንኩ።

"መላኩ" አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። "ዛሬ እንኳን ተወው። ይኼ ለእናት አይሆንም።"

አየኝ። ዓይኑ ውስጥ የነበረውን አልጽፈውም፣ አልችልበትም። "እሺ ሽፌ" አለ፤ መሣሪያውን ከኋላው አስቀምጦ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ "ደግ አደረግህ" አሉኝ። የለቅሶን ሥርዓት የጠበቅሁ መስዬ ነበር የተቀመጥኩት። ነገር ግን ውስጤን እኔ አውቀዋለሁ፤ የጠበቅሁት ሥርዓቱን አልነበረም። ያን ሁሉ ቀን በሻሂ ቤት ያላሸነፍኩትን ሰው፣ በእናቱ ለቅሶ ቀን አሸነፍኩት፤ ለአፍታም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቲቸር በኪነት ቡድኑ የታዘዘውን የሰልፍ ዜማ፣ እንደታዘዘው፣ ሳያጎድል ሳይጨምር መንፋት ጀመረ። ሊቀመንበሩ "አሁን ተስተካከለ" አለ። ሻሂ ቤት ስንገናኝም ጃዝን ስሰድብበት "ልክ ነህ" ይለኛል፤ ክራሬን ሳወድስም "ልክ ነህ" ይለኛል። ልክ ነህ መባል እንዲህ እንደሚመር አላውቅም ነበር። አዴር ዋርሳሜ አንድ ቀን ብርጭቆውን አጥቦ ሲያበቃ "ዋሪያ ሽፈራው፣ ሰውዬውን እኮ ዘጋኸው። አሁን እኔ ከማን ጋር ልጣላ?" አለኝ። እኔም ደረቅ ነኝና "ራሱ ነው የተወው" አልኩ።

ቲቸር በባቡሩ መስመር ላይ ወዳለችው ኤረር ተዛወረ። ዓመታት አለፉ፤ እናቴ ሞተች። ማን እንደነገረው እንጃ፣ በባቡር ድሬዳዋ ገብቶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ አቧራ ለብሶ ድንኳናችን ደረሰ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሳክስፎኑን አልያዘም፤ ባዶ እጁን ነበር። አጠገቤ ተቀመጠ፤ እስከ ሠልስቱ ድረስ ከዚያች ወንበር አልራቀም፤ ማታ ማታ እግሬን የሚያጥበኝም እሱ ነበር።

አልቃሿ እናቴን ታውቃት ነበርና ጥሩ አድርጋ አለቀሰች። ለእኔ ግን ቃሏ አልደርስ አለኝ። እናቴ ወጥ እያማሰለች ለብቻዋ የምትስቀው ሳቅ ነበራት፤ እሱን ማንም በቃል ሊለው አልቻለም። ቲቸር ግን ያውቀዋል፤ ስንት ቀን አብሮ ሰምቶታል። ያን የተቆረጠ ሳቅ በእናቱ ለቅሶ ላይ የነፋው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የከተማው ባንድ ሳክስፎን እንዳለው አውቃለሁ፤ ልጅ ልኬ ማስመጣት እችል ነበር። አዴር ዋርሳሜ እንኳን ጎኔን ነካ አድርጎ "ለምነው" አለኝ በሹክሹክታ። አልለመንኩትም። ልለምነው ብል፣ ያኔ የነገርኩት ሕግ የት ይገባል?

ሲሰናበተኝ "እማማ እጃቸው አይረሳኝም። እግዜር ያጽናህ" ብሎ አቅፎኝ ሄደ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ሰውም እንደ ገለባ ተበተነ። ከኤረር የሚመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ አፍደም አየሁት አለኝ፤ ሌላው በደወሌ በኩል ጅቡቲ ተሻገረ አለኝ። አዴር ዋርሳሜም አረፈ፤ ሻሂ ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸጫ ነው።

ጃዝ ከክራር ይበልጣል ወይ ብትሉኝ ዛሬም አይበልጥም እላለሁ፤ ይኼን ይዤ እሞታለሁ። ነገር ግን በዚያች ድንኳን ውስጥ አንዲት እናት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ፣ እንዴት እንደሚጣሩ፣ እንዴት እንደሚስቁ፣ ልጃቸው ሊነግረን ጀምሮ ነበር። አዲስ አበባ ያሉትን እኒያን ሴትዮ ጅግጅጋ ልታውቃቸው ነበር። እስከ ዛሬ አላወቅናቸውም።