ልጆቿን አፏ ውስጥ የምታሳድር ዓሣ

በደርግ ዘመን አሰበ ተፈሪ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማይጠፋው ቃል «እንዳትንቀሳቀስ» ነበር። ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳው ገበሬም፣ ሙሽራውም፣ ከሚኤሶ ጭነት ይዞ የመጣው ሾፌርም ይታዘዘኝ ነበር። ፊልም ከድሬዳዋ በስንት ልመና ስለሚመጣ፣ ዐይኑን የጨፈነብኝን ሰው ጠላቴ እንደሆነ አድርጌ ነበር የማየው። እንዲህ ያለው ቁጡ ሰው ዓሣ ፎቶ ላንሳ ብሎ መነሳቱ ለጎረቤቶቼ መሳቂያ ሆኖ ከርሟል።

ዓሣዎቹን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቿ በሕይወት ያለ ዓሣ አይተው አያውቁም። ባቡር ላይ የሚሠራ ዘመዷ ከአዋሽ ወንዝ የተያዙ ቆሮሶ የሚባሉ ዓሣዎች በጄሪካን አድርጎ ሚኤሶ ድረስ አመጣላት፤ ከዚያ በጭነት መኪና ጄሪካኑን ታቅፋ አቀበቱን ወጣች። ማዕዘኑን በብረት አስበየድን፤ የመስኮት መስታወት ገጥመን በስቱኮ ደፈንነውና ገንዳ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ቦታ ስላልነበረው ገንዳው ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ተቀመጠ። ተማሪዎች እየመጡ ያያሉ፤ ደንበኞችም ተራ ሲጠብቁ ፊቱ ቆመው ይፈዛሉ።

ያኔ ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዷት ስለነበር ስለ እርግዝናው ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው በቤታችን አልነበረም። እናቷ በሕይወት ስለሌሉ የኔ እናት ልታርሳት ከመሰላ መጥታ አብራን ተቀምጣ ነበር። እናቴ ሶላቷን የማታጓድል፣ ሱቅ ነግዳ ልጆች ያሳደገች፣ አንዴ የተናገረችውን የማታነሳ ሴት ነበረች።

አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ መጣችና ወደ ገንዳው ጠጋ አለች። ከዓሣዎቹ አንዷ በጥቃቅን ጫጩቶች ተከባ ነበር። የእናቴ ጥላ ውሃው ላይ ሲያርፍ ዓሣዋ አፏን ከፈተች፤ ጫጩቶቹ ተግተልትለው ገቡና አንድም ሳይቀር ጠፉ።

«ያ አላህ» አለች እናቴ። «ልጆቿን በላቻቸው።»

ባለቤቴ እዚያው ነበረች። «አልበላቻቸውም፣ እማዬ። እንዲህ ያለችው ዓሣ እንቁላሏንም ልጆቿንም አፏ ውስጥ ነው የምትጠብቀው። መልሳ ታወጣቸዋለች። እርስዎም ያዩታል።»

«አንቺ ስታወጣቸው አይተሻል?»

«መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት» አለች ባለቤቴ።

«እኔ ደግሞ በዐይኔ አየሁ። ልጅ የሚበላ ፍጥረት እርጉዝ ሴት ፊት አይቀመጥም። እስከ ጁምዓ ካልወጣ እኔ ወደ መሰላ እመለሳለሁ፣ ወላሂ።»

የምሯን ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ መንገድ ላይ ቆም አለችና «እውነት ታወጣቸው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አስተማሪዋ አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን?» ብዬ ልቆጣ ስል እጇን አየሁት፤ ሆዷ ላይ ነበር። ዓሣዋ ስታወጣቸው እሷም አይታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምታየው ስትውጥ ነው። ገንዳውን አውጥተን ብንደፋው፣ የፈራችው ነገር እውነት ነው ብለን ያመንን ያህል ነበር የሚሆነው።

«ስታወጣቸው ፎቶ አንስቼ አሳይሻለሁ» አልኳት። እንዴት እንደማነሳ ግን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ በፍላሽ ሞከርኩ። ፊልሙ ሲታጠብ የወጣው አንድ ነጭ ብርሃንና መስታወቱ ላይ ያረፈው የገዛ ጢሜ ነው። ቀጥሎ ካሜራዬን በመስታወት ሣጥን አድርጌ ውሃው ውስጥ ነከርኩት። የሣጥኑ ስቱኮ ገና አልደረቀም ኖሮ ውሃ ሰርጎ ገባ፤ ካሜራው ለጥቂት ተረፈ፤ ፊልሙ ግን ረጠበ። ዓሣዋ ሣጥኑን ስታይ ልጆቿን ውጣ ጥግ ይዛለች። «ክፈቺ እንጂ» ብዬ ጮህኩባት። ተራ የሚጠብቁት ሁለት ጫት ነጋዴዎች እየሳቁ ተያዩ፤ አንደኛው «ኦቦ፣ እኛን ነው ወይስ ዓሣዋን የምትቆጣው?» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ተስፋ ቆርጬ ጨለማ ክፍሌ ውስጥ የሰው ጉርድ ፎቶ ሳጥብ ዋልኩ። ልወጣ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ፣ በክፍተቱ ውስጥ ገንዳው ታየኝ። ቤቱ ባዶ ነው። ዓሣዋ አፏን ከፈት አድርጋ ቆማለች፤ ጫጩቶቹ አንድ በአንድ፣ ከዚያም በጅምላ እየወጡ በዙሪያዋ ይበተናሉ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ሮጬ ወጣሁ። ጥላዬ ሲያርፍባት ወዲያው መልሳ ዋጠቻቸው።

ያኔ ገባኝ። ለማየት የሚጠጋ ሰው ሁሉ የሚያየው ስትውጥ ብቻ ነው፤ የምትውጣቸውም ሰው ስለተጠጋ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሱቁን ሳልከፍት ጥቁሩን የስቱዲዮ ጨርቅ ከጣሪያ እስከ ወለል ሰቀልኩት። ለሌንሱ የሚበቃ ቀዳዳ ቀደድኩበት። ዓሣዋ ወደ ኋላ እንዳትሸሽ ገንዳው ውስጥ ሌላ መስታወት አቁሜ ቦታዋን አጠበብኩት። ትኩረቱን ፊቷ ባለው ጠጠር ላይ ለክቼ ከጨርቁ ጀርባ ተቀመጥኩ። ሰውን ሁሉ «እንዳትንቀሳቀስ» ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን የማልንቀሳቀሰው እኔ ሆንኩ። እግሬ ደነዘዘ፤ አፍንጫዬን በላኝ። ፀሐይዋ መስኮቱን አልፋ ውሃውን ስታበራው ዓሣዋ አፏን ከፈተች።

ቀኑ ጁምዓ ነውና እናቴ ልብሷን ጠቅልላ ነበር የመጣችው። ባለቤቴንም እሷንም ይዤ ጨለማ ክፍል ገባሁ። በቀዩ መብራት ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩት። መጀመሪያ የዓሣዋ ዐይን ብቅ አለ፤ ከዚያ የተከፈተው አፏ፤ ከዚያም ከአፏ እየወጡ ያሉት ልጆቿ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ጨለማው ደበቀልኝ።

እናቴ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። «ታዲያ እኔ ስመጣ ለምንድን ነው የምትውጣቸው?»

«አንቺን ፈርታ ነው። እየደበቀቻቸው እኮ ነው።»

«እኔን?» አለች ተቀይማ። «እኔ ምን አደረግኳት?»

መሰላ መሄዱ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎቶ ቤት ስትመጣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ከገንዳው ራቅ ብላ ትቀመጣለች። የሚጠጋ ደንበኛ ካለ «ዞር በል፣ ልጆች አሏት» ትለዋለች። ጫጩቶቹ አድገው ከእናታቸው አፍ ሲቀሩ ባለቤቴም ወሯ ገባ። በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የአገሩን ሰው ሁሉ ፎቶ የማነሳው እኔ የልጄ ፎቶ የለኝም። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር እናቴ ሕፃኗን በትልቁ ሻሿ ሥር ትከታታለች። «የሰው ዐይን አለ። ያም የያዝከው ዐይን ነው» ትለኛለች። ብቆጣም ብለምንም ሰምታኝ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ጥቁሩን ጨርቅ ወደ ቤት ወስጄ በጓዳው በር ላይ ሰቅዬ ከጀርባው ካሜራዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እናቴ ልጄን ይዛ ፀሐይዋ ጋ ተቀመጠች። ግራና ቀኝ አየች። ማንም አለመኖሩን ስታረጋግጥ ሻሿን ቀስ ብላ ገለጠች፤ ልጄ ዐይኗን ከፍታ ብርሃኑን አየች።

ካሜራዬ ጠቅ አለ። ድምፁን ስትሰማ እናቴ ሻሹን መልሳ ከደነችው። እኔ ግን አግኝቻቸዋለሁ፤ ሁለቱንም።