ቅጠሏን የማትለቀው ዛፍ
ፊቤ ጆሃንስበርግ በሚገኝ የዕፅዋት ማዕከል የዛፎቹን መዝገብ ትይዛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።

ስሙን የማታውቀው ሰው እሁድ እሁድ ከከተማዋ ዳር ካለው ከካትሌሆንግ ሰፈር ይመጣል። የሱቁን ቁልፎች አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ ከእስያ በመጣችው አጭር የኦክ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ዛሬ አናገራት።

«ሚስቴን የቀበርኩ ዕለት፣ ይቺ ዛፍ ቅጠሏን ስትጥል እላጫለሁ ብዬ ነበር። ብርዱ ሊወጣ ነው፤ እሷ ግን ቅጠሏ ደርቆም አትለቀው።»

«ጋሼ፣ ይህ ዓይነቱ ዛፍ አሮጌውን የሚያራግፈው አዲሱ ቅጠል ሲገፋው ነው።»

ጺሙን እየዳበሰ ሳቀ። «ዛፍ መምረጥም አላውቅበት! አንቺስ እህቴ፣ ጥቁሩን መቼ ነው የምታወልቂው?»

ኮቱን ከአግዳሚው አንስቶ ቦታ ለቀቀላት፤ ፊቤም አጠገቡ ተቀመጠች። ነፋሱ ደረቁን ቅጠል አንኮሻኮሸው፤ አንድም አልወደቀም።