የሰልፉ ጭራ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ «ጠይቋት» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የመረጃ መስኮት ተቀምጣ፣ የትኛው ቤት በየትኛው ጣቢያ እንደሚመርጥ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚያልቅ፣ መታወቂያ የጠፋበት ሰው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ስትናገር ኖራለች።

አሠራሯ ግን የብቻዋ ነበር። መዝገብ አትገልጥም። የቤት ቁጥር ሲነግሯት ዓይኗን ጨፍና በሐሳቧ እዚያ ደጃፍ ላይ ትቆምና መንገዱን ትጀምረዋለች። «ከበርዎ ወጥተው ወደ ግራ… የልብስ ሰፊውን ሱቅ ሲያልፉ ጥላ አለ፣ ትንሽ አረፍ ይላሉ…» እያለች ጭልጥ ትላለች። አንዳንዴማ ጠያቂው አመስግኖ ከሄደ በኋላ እንኳ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት። አለቃዋ «ምነው ሴትዮ፣ ዛሬስ በሰላም ገባሽ?» ይላታል። ይሥቁባት ነበር፤ ግን አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ይህንንም ታውቀዋለች፣ ትኮራበታለችም። ምን ይደረግ፣ ሰው በአንድ ነገር ካልኮራ በምን ይኖራል?

በዚህ ዓመት የምክር ቤት ምርጫው ሲደርስ ቤተ መጻሕፍቱ ለእድሳት ተዘጋና የዚያ ሰፈር ጣቢያ ወደ እሳት አደጋ መኪኖች ማቆሚያ ተዛወረ። ማስታወቂያው ጠረጴዛዋ ላይ መጣ፤ አነበበችው፤ ለስንቱም ሰው በትክክል ነገረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ጡረተኛው ግንበኛ በሁለት ምርኩዝ እየተደገፉ መስኮቷ ጋ ደረሱ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ግድ ካልሆነባቸው ከቤት አይወጡም።

«ልጄ፣ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው መሰለኝ። እንዳያመልጠኝ በደንብ ንገሪኝ» አሏት።

ዓይኗን ጨፈነች። ለእኚህ ሰው ደረጃ የሌለበትን፣ ጥላ ያለበትን መንገድ ፈለገች። መንገዱም እጇን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ግቢ፣ ዛፎቹ ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወሰዳት። «እዚያ ቁጭ ብለው ተራዎን ይጠብቃሉ አባባ» አለቻቸው። መርቀዋት ሄዱ። እሷም ደስ አላት። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው እንግዲህ።

በምርጫው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ጮኸ። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ነበር።

«አንድ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ጓሮ ስለነበርኩ አላየኋቸውም። ምርጫው መቼ ነው የሚጀመረው ይሉኛል። ማን ላከዎት ስላቸው፣ ጠይቋት ይላሉ።»

ስህተቷ ወዲያው ገባት። «ወንድሜ በሞቴ፣ ደግፈህ ወደ እሳት አደጋ አምጣልኝ» አለችው። ለምርጫው ሲባል መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው። በእግር ለጤነኛ ሰው አሥር ደቂቃ ነው፤ ለእሳቸው ግን እግዜር ይወቀው። ጣቢያው የሚዘጋው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

እሷም የምትመርጠው እዚያው እሳት አደጋ ነው፤ ገና አልመረጠችም ነበርና መስኮቷን ዘግታ ሄዳ የሰልፉ ጭራ ላይ ቆመች። ኋላዋ የመጣውን ሁሉ እያስቀደመች ጭራውን አልለቀቀችም፤ ከፊቷ ሁልጊዜ አርባ ያህል ሰው አለ። ደንቡን ለሰው ስትናገር የኖረችው ራሷ ናት፦ ሰዓቱ ሲሞላ ፖሊሱ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይቆማል፤ ከእሱ ፊት ያለው ይመርጣል፣ ከእሱ ኋላ የመጣው ይመለሳል።

ፀሐይዋ ዘቅዝቃ መንገዱ የማር መልክ ይዟል። ሰዉ በድካም ዝም ብሎ፣ ቆሞ የሚያልም ይመስላል። ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ሲል ከመንገዱ ታች ሽማግሌው ብቅ አሉ፤ ዘበኛው ክርናቸውን ይዟል። አንድ እርምጃ፣ እረፍት። አንድ እርምጃ፣ እረፍት። ወደ መቶ እርምጃ ይቀራቸዋል። እሷ ብትሮጥ የእሷ ሩጫ የእሳቸውን ጉልበት አያፈጥነውም።

ከፊቷ ያለችውን ዳቦ ሻጭ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «እህቴ፣ ከፊትሽ ካለው ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቂልኝ። ለፊተኞቹም ንገሪልኝ።»

«ለምን?»

ጠይቋት ወደ ሽማግሌው አመለከተች። ዳቦ ሻጯ አየች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ነገሩ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ እስከ በሩ ደረሰ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት እርምጃ ከፈተ። ሰልፉ እንደ ክር ጥቅልል እየተተረተረ፣ ጠይቋትን ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየወሰደ፣ መንገዱን ቁልቁል ወረደ። አንዱ ጎልማሳ «ዕድሜያችንን ሙሉ ሰልፍ ላይ ወደ ፊት ስንጋፋ ኖረን፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ኋላ ይሁንልን» አለና ሰዉን አሳቀ።

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ፣ ሰልፉን አየ። «ተጠጉ የሚል ደንብ አላነበብኩም» አለና ወደ ጭራው ጉዞ ጀመረ። እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚራመድ ፖሊስ በሰፈሩ ታይቶ አያውቅም። ሲደርስ ሽማግሌው ከጠይቋት ኋላ ቆመው ያለከልካሉ። ከእሳቸው ኋላ ቆመ።

«ዛሬ ጠዋት ነው እንዴ ቦታውን የቀየሩት?» ብለው ጠየቋት ግንበኛው።

በአቅራቢያው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አዎ ብትላቸው ያምኗታል፤ ማንስ ይጠይቃታል? ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከመችው ስምም ሳይነካ ይቀርላታል።

«አይ አባባ። ከተቀየረ ወር አልፎታል፣ ወረቀቱም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች። እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አስተካከሉ።

«እኔም አንድ ግድግዳ አጣምሜ አውቃለሁ» አሉ። «የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ። በይ ተራመጂ፣ ሰልፉ እየሄደ ነው።»