ስድስቱ የወይዘሮ አሰፋሽ ገጾች

ተስፋልደት ደራሲ መሆኑን ገርጂ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ መጽሐፉን ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው በለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ሰብሳቢ አቶ አረጋዊ ይደውሉለታል። እሱም ደብተሩን ይዞ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡን ጠይቆ፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ያስረክባል። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ የአቶ አረጋዊ ትእዛዝ ነው፤ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ይቆማልና።

ወደዚህ ሥራ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ብቸኛ ልብ ወለዱ በ1991 ዓ.ም. ሲታተም በፌስታል ይዞ ከኢምፔሪያል እስከ ቦሌ ባሉት ካፌዎች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ራሱ ሸጠው። አንዳንዱ ገዝቶ ያስፈርመዋል፤ አንዳንዱ ሎተሪ አዟሪ መስሎት ቀና ሳይል በእጁ ይሸኘዋል። ያነበቡት ሁሉ ግን ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ያወሩ ነበር። የሬዲዮ ድራማ እንዲጽፍ ያስጠራውም ያ ምዕራፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በድራማ ኖረ። ጣቢያው ድራማውን ሲያቆም ለማስታወቂያ ድርጅት ጻፈ፤ ቀጥሎ የሠርግ ንግግር፤ በመጨረሻ ለሟች። ስለ ሥራው ሲጠየቅ፣ ደንበኞቼ አይከራከሩኝም እያለ ይቀልድ ነበር።

በ2016 ጥቅምት ላይ አንድ አሳታሚ መጽሐፉን እንደገና ላውጣው አለው። አሳታሚው ለጀማሪ ጸሐፊዎች ሥልጠና ይሰጥ ስለነበር፣ ተስፋልደት ስለ ታሪክ አጨራረስ እንዲያስተምር በደመወዝ ሊቀጥረው ፈለገ። ከሬዲዮው ወዲህ ቋሚ ሥራ ገጥሞት አያውቅም። ውሉን ሊፈርም ለሐሙስ ቀጠሮ ያዘ።

ረቡዕ ጠዋት አቶ አረጋዊ ደወሉ። ኢምፔሪያል አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የነበራቸው ወይዘሮ አሰፋሽ አርፈዋል፤ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ድንኳኑ ውስጥ የጠበቀችው ልጃቸው ማኅደር ነበረች። ኤርፖርት ካርጎ ነው የምትሠራው፤ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ጥቁር ነጠላ ደርባበታለች። የተወለዱበትን ዓመት፣ የአያቶቿን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም በቅደም ተከተል ነገረችው። ከዚያ ዓይኗን ደብተሩ ላይ ጣለች።

«ሥራዋን ምን ብለው ይጽፉታል፣ ጋሽ ተስፋልደት? ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ጽሑፍ ስትገለብጥ ኖረች። አንድ መስመር አይሞላም።»

ተስፋልደት ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

በ1990 ልብ ወለዱን በእጅ ጽፎ፣ በታይፕ እንዲመቱለት ለወይዘሮ አሰፋሽ ሰጥቷቸው ነበር። በቀጠሮው ቀን ሥራውን ተረክቦ ቤቱ ሲገባ የእጅ ጽሑፉን የመጨረሻ ስድስት ገጾች ፍራሹ ሥር አገኛቸው። ጭራሽ አልወሰዳቸውም ነበር። የተመታው ጽሑፍ ግን እስከ ፍጻሜው ሙሉ ነው። ደንግጦ ተመለሰ።

«ወረቀቱ ሲያልቅብኝ ሰውዬው የሚስቱ በር ላይ እንደቆመ ቀረ» አሉት። «እዚያው ሲያድር አንጀቴ አልቻለም፤ አስገባሁት። ካልወደድከው ቅደደው።»

በእሱ አጨራረስ ሰውዬው ሳያንኳኳ ተመልሶ መንገድ ላይ ይሞታል። የእሳቸውን እዚያው ቆሞ አነበበው። የራሱን ስድስት ገጾች ከኪሱ ሳያወጣ ሄደ። መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ «ስለ ትብብርዎ» ብሎ ፈርሞ ሰጣቸው። ለማንም አልተናገሩም። በሱቃቸው ደጅ ሲያልፍ ብቻ «ሰውዬህ ደህና ነው? አልበረደውም?» ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ እርምጃውን ያፈጥናል።

ድንኳኑ ውስጥ የጻፈው እንደ ወትሮው ነበር፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ በጽሕፈት ሙያ ለረጅም ዓመታት አገልግለው፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ የነበሩ። ለማኅደር አነበበላት። ጥሩ ነው አለች፤ አይኗ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ጽሑፉን ለማተም የእናቷን ሱቅ ከፈተችለትና ወደ ለቅሶው ተመለሰች። የጥንቱ ታይፕ በላስቲክ ተሸፍኖ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፉን ገልብጦ ጨረሰና አራት መስመር ጨመረ። ከአንድ ገጽ ስላለፈበት ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ የሚለውን አወጣ። የታተመውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለአሳታሚው ላከው። ከቀብር መልስ ልላከው ቢል ሐሳቡን እንደሚቀይር ራሱን ያውቃል።

ገርጂ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ሁልጊዜ የእድሩ ጸሐፊ ነው። ተስፋልደት ግን ዛሬ እኔ ላንብብ ብሎ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለው። አራቱ መስመሮች ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«በ1990 ዓ.ም. አንድ ደራሲ ያመጣው ጽሑፍ መጨረሻው ቢጎድል ስድስቱን ገጾች ራሳቸው ጻፉ። አንባቢ የወደደው እነዚያን ገጾች ነው። መጽሐፉ ላይ ግን ስማቸው አልሰፈረም። ደራሲው ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ነው።»

ማኅደር ከነጠላዋ ውስጥ ቀና አለች። አቶ አረጋዊ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው፣ ጀርባውን ገልብጠው አዩ።

«አንድ ገጽ ነው፤ አላለፈም» አሉና ለእድሩ ፋይል አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሐሙስ አሳታሚው ደወለ። የማስተማሩ ነገር ቀርቷል። መጽሐፉ ግን ይወጣል፤ ወራሿ ከተስማማች፣ በሁለት ስም። ተስፋልደት ለማኅደር ነገራት። መጀመሪያ ላንብበው አለች፤ እናቷ ያስቀመጠችው ቅጂ ሱቁ ውስጥ አለ።

ከዐሥራ ሁለተኛው ቀን መታሰቢያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሱቁ ደጅ ሲደርስ፣ ማኅደር ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ መጽሐፉን ዘርግታለች። አንባቢን መረበሽ ስለማይወድ ደፉ ላይ ቆመ። ገጿን በጣቷ ይዛ ቀና አለች።

«ይግቡ እንጂ ጋሽ ተስፋልደት፤ ምን በር ላይ ያቆምዎታል?»

ገና አሥረኛው ገጽ ላይ ነበረች።